ምክንያቱ ያልታወቀ ወይስ ያልተፈለገ? ስለ ሕፃናት የፊት ነርቭ ሽባነትና ስለ ነርቭ ዕጢዎች አጻጻፋችን የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሕፃን ፊት ሲጣመም ቤተሰብ ምክንያት አያጣም። ብርድ መታው ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ነካችው ይባላል፤ ክፉ ዓይን አየው ይባላል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ እንልና ካርዱን ስበን «ቤልስ ፖልሲ» ብለን እንጽፋለን። የቃሉ ትርጉም «ምክንያቱ ያልታወቀ የፊት ነርቭ ሽባነት» ማለት ነው። ቤተሰቡ የተሳሳተም ቢሆን አንድ ምክንያት ሰጥቷል። እኛ ግን ምክንያት አለመታወቁን በባዕድ ስም ሸፍነን ምርመራውን እንዘጋለን። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ምክንያቱ በእርግጥ አልታወቀም ወይስ አልተፈለገም?

ይህን ሂስ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። አንዲት እናት የስድስት ወር ወንድ ልጇን ይዛ ቀረበች። «ዶክተር፣ ሲያለቅስ አፉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ተኝቶም አንዱ ዓይኑ አይከደንም» አለችኝ። ጆሮውን አየሁ፤ ጤናማ ነበር። ካርዱ ላይ የተለመደውን ቃል ጻፍኩ፣ የዓይን ቅባት አዘዝኩ፣ «ይተወዋል» ብዬ አሰናበትኳት። የመመለሻ ቀን አልሰጠኋትም። ከሰባት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። በመካከሉ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳ የአንጎል ሲቲ ስካን አሠርታ «ጤናማ ነው» ተብላ ነበር። ፊቱ ግን በዚያ ወገን ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ ኮርኒያውም ጠባሳ መያዝ ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ነርቩን ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያሳይ ኤም አር አይ ሲነሣ፣ በጀኒኩሌት ጋንግሊዮን አካባቢ በነርቩ ላይ የተንዠረገገ እብጠት ተገኘ፤ ባለሙያዎቹም ከሽዋኖማ ጋር የሚስማማ ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ነበር መጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝን የጠየቅሁት፦ ይህ ነገር መቼና እንዴት ጀመረ? «በአራት ወሩ ከዓይኑ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀስ እያለ ነው የላላው። እርስዎ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኩም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የተጻፉ መጻሕፍትንና የሕሙማን ዘገባዎችን ሳነብ፣ የእኔ ስሕተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ፣ በአጻጻፋችንና በአስተማማራችን ውስጥም ሥር እንዳለው ተገነዘብኩ።

ስሙ ከየት መጣ?

የፊት መጣመም በሕክምና ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፋርሳዊው ሐኪም አል ራዚ በሰፊው ገልጾታል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ፍሪድራይሽም እ.ኤ.አ. በ1798 ስለዚሁ ሕመም ጽፏል። ስሙን የወሰደው ግን ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ቤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ስለ ፊት ነርቮች ለለንደን ንጉሣዊ ማኅበር ባቀረበው ሥራ የሰባተኛውን ነርቭ ተግባር ለይቶ ለማሳየት ሞከረ። ቤል ከገለጻቸው ሕሙማን መካከል ነርቫቸው በአደጋ የተጎዳ፣ ማለትም ምክንያታቸው በግልጽ የታወቀ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የነርቩን መንገድ ለማወቅ የደከመ ሰው ስም ዛሬ የነርቩን መንገድ ላለመመርመር ሰበብ ሆኗል። ይህ የቤል ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ስሙን ከማግለል ምርመራ በፊት የምንጽፍ የእኛ ነው። ቤልስ ፖልሲ ሌላው ሁሉ ተፈልጎ ሲታጣ የሚሰጥ ስም እንጂ ፍለጋው ሳይጀመር የሚሰጥ ስም አይደለም።

በሕፃናት ላይ ይህ ስሕተት ይከፋል። በአራስነት የሚታየው ሽባነት በአብዛኛው ከወሊድ ጉዳት የሚመጣ ነው። የጨቅላ ሕፃን የማስቶይድ አጥንት ገና ስላላደገ፣ ነርቩ ከራስ ቅል የሚወጣበት ቦታ ከቆዳ ሥር ቅርብ ነው፤ በማዋለጃ መቆንጠጫ ወይም በእናት ዳሌ አጥንት በቀላሉ ይጨፈለቃል። ፋልኮና ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ የፊት ነርቭ ሽባነት ከ1,000 ሕፃናት በ1.8ቱ ላይ የታየ ሲሆን፣ ከእነዚህ 91 ከመቶው በመቆንጠጫ የተወለዱ ነበሩ። አብዛኞቹም ድነዋል። ከዚህ ሌላ ነርቩ ወይም የነርቩ ማዕከል ሳይፈጠር የሚቀርበት የሞቢየስ ሕመም አለ፤ ሲያለቅሱ ብቻ የታችኛው ከንፈር አንዱ ጥግ የማይወርድላቸውና አንዳንዴ የልብ ጉድለት አብሯቸው የሚገኝ ሕፃናትም አሉ። ነገር ግን ጤናማ ፊት ይዞ ተወልዶ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ፊቱ የሚላላ ሕፃን ከእነዚህ ከሦስቱም ወገን አይደለም። ለእርሱ ሌላ ጥያቄ ያስፈልገዋል።

ዕጢው ምን ዓይነት ነው?

ሽዋኖማ ነርቭን ከሚሸፍኑት የሽዋን ሕዋሳት የሚነሣ፣ ካንሰር ያልሆነና በዝግታ የሚያድግ ዕጢ ነው። በፊት ነርቭ ላይ ሲወጣ በብዛት የሚገኘው ነርቩ በቴምፖራል አጥንት ውስጥ በሚታጠፍበት በጀኒኩሌት ጋንግሊዮን አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ጆሮ ቦይም ሆነ ወደ መካከለኛው ጆሮ ሊዘረጋ ይችላል፤ አንዳንዴም ከራስ ቅል ወጥቶ ፓሮቲድ በተባለው የምራቅ አመንጪ ዕጢ ውስጥ ይገኛል። ነርቩ ከቃጫዎቹ ብዙዎቹን እስኪያጣ ድረስ ድክመቱ በዓይን ላይታይ ስለሚችል፣ ዕጢው ከምልክቱ በፊት ረዥም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሳይቶና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራ 600 የቴምፖራል አጥንቶችን ከሞት በኋላ መርምረው በአምስቱ ላይ በሕይወት ዘመን ያልታወቀ የፊት ነርቭ ሽዋኖማ አግኝተዋል።

በሕፃናት ላይ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚታይ ነው። ይህን መካድ አይገባም። ሲገኝ ግን ሌላ በር ይከፍታል፦ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ባለው የኤንኤፍ2 ዘረ መል ጉድለት የሚመጣው ሕመም በልጅነት አንዳንዴ የሚጀምረው በማይድን የፊት ሽባነት ነው። ስለዚህ አንድ ዕጢ የተገኘበት ሕፃን የሌላው ወገን ጆሮው፣ ዓይኑ፣ ቆዳውና የቤተሰቡ ታሪክ መታየት ይኖርበታል።

በጽሑፎቻችን ላይ የማያቸው ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የጊዜ ነው። ስለዚህ ዕጢ የሚጻፉ የሕሙማን ዘገባዎች የዕጢውን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የቀዶ ሕክምናውን መንገድ በዝርዝር፣ የሕዋሳቱን አደራደር በሥዕል ያቀርባሉ። እናቲቱ ለውጡን መጀመሪያ ያየችበት ቀን፣ ልጁ ስንት ጊዜ «ይተወዋል» ተብሎ እንደተመለሰና ምርመራው በስንተኛው ወር እንደታዘዘ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሐረግ ይታለፋል። ለጤና ጣቢያው ባለሙያ የሚጠቅመው ግን ይህኛው ነው። ዕጢውን የሚያወጣው እርሱ አይደለም፤ የሚያስጀምረው ወይም የሚያዘገየው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የሃውስና ብራክማን ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ ለአዋቂ የተሠራ ነው። ግንባርህን አንሣ፣ ዓይንህን ቀስ ብለህ፣ ከዚያም አጥብቀህ ጨፍን፣ ጥርስህን አሳይ የሚል ትእዛዝ ይጠይቃል። የስድስት ወር ሕፃን ትእዛዝ አይቀበልም። ሆኖም በዘገባዎች ላይ «ደረጃ አራት» ተብሎ ያለ ማብራሪያ ይጻፋል፤ ያ ቁጥር በልቅሶ ነው ወይስ በእንቅልፍ፣ በጡት መጥባት ነው ወይስ በሳቅ የተወሰደ? አይነገርም። በሦስትና በአራት መካከል ያለው ልዩነት በዋናነት የዓይን ሙሉ በሙሉ መከደን ሆኖ ሳለ፣ የቀዶ ሕክምና ውሳኔም በዚያው ልዩነት ላይ የሚንጠለጠል ሆኖ ሳለ፣ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛው የቃል ጉድለት ነው። «ካንሰር ያልሆነ» የሚለው ቃል የሕዋሱን ጠባይ እንጂ የልጁን ዕጣ አይናገርም። ቤተሰብ ግን ይህን ሲሰማ «ምንም አይደለም» ብሎ ይተረጉመዋል፤ አንዳንዴ እኛም እንዲሁ እንተረጉመዋለን። ጠባብ በሆነ የአጥንት ቦይ ውስጥ የሚያድግ ዕጢ ገር ሕዋስ ቢኖረውም ነርቩን ይጨቁናል፤ መስማትን ሊወስድ፣ ያልተከደነውንም ዓይን ለጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል።

አራተኛው ጉድለት የምስል ነው። «ሲቲ ስካን ተነሥቷል፤ ጤናማ ነው» የሚል አንድ መስመር የት እንደተነሣ ካልተነገረ ዋጋ የለውም። የአንጎል ሲቲ ስካን የፊት ነርቭ ቦይን በሚገባ አያሳይም። ነርቩ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በቴምፖራል አጥንት አልፎ ፓሮቲድ ውስጥ እስኪበተን ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ፣ በስስ ቁርጥራጭና ጋዶሊኒየም ተሰጥቶ በኤም አር አይ መታየት አለበት፤ የቴምፖራል አጥንት ሲቲ ደግሞ የቦዩን መስፋት ያሳያል። በተቃራኒውም መጠንቀቅ ይገባል፤ የጤነኛ ሰው ነርቭም በአንዳንድ ክፍሉ ጋዶሊኒየምን ይይዛል፤ በቤልስ ፖልሲም ነርቩ ይደምቃል። ዕጢን የሚያመለክተው መድመቁ ብቻ ሳይሆን ቅርጹና ውፍረቱ ነው። አንባቢው ይህን ካልተነገረው ወይ ሁሉን ዕጢ ይላል፣ ወይ ሁሉን ያልፋል።

አምስተኛው የውጤት ጉድለት ነው። ዕጢው ከነነርቩ ሲወጣና ከአንገት ወይም ከእግር በተወሰደ ነርቭ ሲጠገን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው ከፍተኛ ውጤት ደረጃ ሦስት ነው። በዘገባው ላይ «ጥሩ ውጤት» ይባላል። ደረጃ ሦስት ማለት ግን ዓይን በኃይል ሲጨፈን አፍ አብሮ የሚሳብበት፣ ሳቁም እንደ ሌላው ወገን የማይሆንበት ፊት ነው። በዚህ ምክንያት የነርቩ ሥራ ደኅና እስከሆነ ድረስ ቀዶ ሕክምናውን አዘግይቶ መከታተል በብዙዎች ዘንድ የሚመረጥ አካሄድ ነው። ናሙና መውሰድ ራሱም የሚሠራውን ነርቭ ሊያሽብ ይችላል። በአንጻሩ ነርቭ ያጣ ጡንቻ ለዘላለም አይጠብቅም፤ ጊዜ ካለፈ ነርቭ ቢጠገንለትም አይነቃም። የመከታተልና የመቁረጥ ሚዛን ይህን ያህል ረቂቅ ሆኖ ሳለ፣ ክትትሉ ሕፃኑ ሳያድግ የሚያበቃ ዘገባ ለማን ይመሰክራል? ልጁ ከዚያ ፊት ጋር ትምህርት ቤት ይገባል፤ ጎልማሳም ይሆናል።

የአዋቂ መመሪያ በሕፃን ላይ

ከዘገባዎቹ ባሻገር መመሪያዎችን የምናነብበት መንገድም ሂስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ለአዲስ ቤልስ ፖልሲ ምስል በዘልማድ እንዳይታዘዝ ይመክራል። ይህ ክፍል በየቦታው ይጠቀሳል። ይኸው መመሪያ ግን በ3 ወር ሙሉ በሙሉ ያላገገመን፣ አዲስ ወይም እየባሰ የሚሄድ የነርቭ ምልክት የታየበትን፣ የዓይን ችግር የያዘውን ሕመምተኛ እንደገና መርምሩ ወይም ወደ ባለሙያ ላኩ ይላል። ይህኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስቴሮይድ እንዲሰጥ የሚያዘው ምክርም የቀረበው ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው።

ቁጥሮቹም በሚገባ ከተነበቡ ይናገራሉ። በኮፐንሃገን ፔተርሰን ለ25 ዓመታት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት 2,570 ሕሙማንን ይዟል። ከእነዚህ ቤልስ ፖልሲ የተባሉት 1,701 ብቻ ናቸው፤ ሲሶ የሚሆኑት ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ያለ መድኃኒት ከተከታተላቸው የቤልስ ፖልሲ ሕሙማን 85 ከመቶው በ3 ሳምንት ውስጥ፣ የቀሩት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ የመሻሻል ምልክት አሳይተዋል። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 18 ዓመት በሆኑ 187 ልጆች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራም፣ በመጀመሪያው ወር ፕሬድኒሶሎን ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ እንደሆነ አላሳየም። በስድስተኛው ወር ላይ ግን ክትትሉን ከጨረሱት መካከል ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 99 ከመቶው፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 93 ከመቶው ሙሉ በሙሉ ድነው ነበር።

ከዚህ የምንማረው «ልጆች ይድናሉ» የሚለውን ብቻ መሆን የለበትም። ልጆች በዚህ መጠን የሚድኑ ከሆነ፣ ያልዳነው ልጅ ቤልስ ፖልሲ የመሆን ዕድሉ በየወሩ እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው። እኔ በሰባት ወር ያየሁት ፊት ምንም ሳይሻሻል ሲቀር፣ ካርዱ ላይ የጻፍኩት ስም በራሱ ፈርሶ ነበር። የሚያፈርሰው ሰው ግን ቀጠሮ አልነበረውም።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ

«ታዲያ ፊቱ ለተጣመመ ሕፃን ሁሉ ኤም አር አይ እንዘዝ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። መሣሪያው በትልልቅ ከተሞች ብቻ ነው የሚገኘው፤ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ሕፃኑም እንዳይንቀሳቀስ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። መልሴ አይደለም ነው። ዕጢ ብርቅ ነው፤ በመካከለኛ ጆሮ መመርቀዝ፣ በጉዳትና በሌላ ኢንፌክሽን የሚመጣው ይበዛል። የምከራከረው ስለ ፎቶግራፉ ሳይሆን ስለ ጥያቄውና ስለ ቀጠሮው ነው። እነዚህ ሁለቱ ገንዘብ አይጠይቁም።

ጤና ጣቢያ ላይ ያለ ባለሙያ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት አይደለም። በመጀመሪያ የጅማሬውን ሁኔታ ይጠይቅ፤ በሰዓታት ወይስ በሳምንታት? ከሦስት ሳምንት በላይ እየባሰ የሚሄድ ሽባነት፣ መንቀጥቀጥ የቀደመው ሽባነት፣ በዚያው ወገን የተመላለሰ ሽባነት ዕጢን ያሳስባል። በድንገት መጀመሩ ግን ዕጢን ፈጽሞ አያስወግድም። ሁለተኛ፣ ሕፃኑን ሲያለቅስ፣ ሲጠባና ሲተኛ ይመልከት፤ እናት በስልኳ የቀረጸችው ምስል ካለ ይይ። ሦስተኛ፣ የጆሮ ታምቡሩን፣ ከጆሮ በታችና በኋላ ያለውን እብጠት፣ መስማቱን፣ ሌሎቹን የአንጎል ነርቮች፣ ቆዳውንና የደም ግፊቱን ይመርምር። ከታምቡሩ በስተጀርባ ነጣ ያለ እብጠት ከታየ ሳይታወቅ መርፌም ሆነ ቢላዋ አይንካው። አራተኛ፣ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የደም ሕዋስ ቆጠራ ይደረግ፤ የደም ካንሰር በሕፃናት በፊት ሽባነት ሊገለጥ ይችላልና፣ ስቴሮይዱ ምልክቱን ይሸፍነዋል። አምስተኛ፣ ዓይኑ ይጠበቅ፤ ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባትና በጥንቃቄ መክደን። ነርቩን ልናድን ባንችል እንኳ ዓይኑን ማዳን በእጃችን ነው።

የቀጠሮውን ጉዳይ ደግሞ አገራችን ያላት የክትባት ሥርዓት ያቀልልናል። ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ለክትባት ይመጣል። በእነዚህ ቀናት መርፌው ሲወጋ ማልቀሱ አይቀርም፤ ልቅሶውም ለፊት ነርቭ ከማንኛውም ትእዛዝ የተሻለ ምርመራ ነው። ክትባት የምትሰጠው ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያች ቅጽበት ፊቱን ብትመለከትና ያየችውን ከነቀኑ ብትጽፍ፣ ለኋለኛው ሐኪም ከብዙ ገጽ ታሪክ የበለጠ ትረዳዋለች።

ማጠቃለያ

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቃል ቢለወጥ ደስ ባለኝ ነበር። በሕፃን ካርድ ላይ «ቤልስ ፖልሲ» ከማለት ይልቅ «የፊት ነርቭ ሽባነት፣ ምክንያቱ በመጣራት ላይ ያለ፣ የጀመረበት ቀን ይህ፣ የሚታይበት ቀን ይህ» ብንል፣ ለውጡ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ግን ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ፍለጋውን እንዲቀጥል ያስገድደዋል። የሕሙማን ዘገባ የምንጽፍ ሐኪሞችም ከዕጢው ስፋት በፊት የጠፋውን ጊዜ እንጻፍ፤ የራሳችንን «ይተወዋል» ጭምር።

ያ ሕፃን ዛሬም በክትትል ላይ ነው። ኮርኒያው ላይ ያለው ጠባሳ በጊዜ ቢደረስበት ኖሮ የሚቀር ነበር። እናቱ በእኔ አልተቆጣችም፤ ይህም ይበልጥ ይከብደኛል። ያየችውን ሁሉ አይታ ነበር፤ የቀረው የሚጠይቃት ሰው ነበር።